ሻል በኪሮሽ፦ ከመተርተር የሚያድን አሠራር

እኛ ሰፈር ዳንቴል ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ቴሌቪዥን ነው። ካልሆነ ሶፋ። ባለፈው ክረምት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የትከሻ ሻል ስሠራ ጎረቤቴ ቡና ልትጠራኝ መጣች። ቆም ብላ አየችውና «ይሄ ለየትኛው ሶፋ ነው?» አለችኝ። ለሰው ነው አልኳት። «ለሰው? ይሄ ሁሉ ቀዳዳ?»

አልተሳሳተችም። የዳንቴል ሻል ክር የከበበው ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው እኩል ከሆነ ያምራል፤ እኩል ካልሆነ የተቀደደ ይመስላል። ከስኮትላንድ በስተሰሜን ባሉት የሸትላንድ ደሴቶች በቀጭን ሱፍ የሚሠራ ሻል አለ። ትልቅ ሰው የሚያለብሰው ሻል በጣት ቀለበት ውስጥ ሾልኮ ያልፋል። የሩሲያ የኦረንቡርግ ሻሎችም በዚሁ ይታወቃሉ። እነዚያ የሚሠሩት እንደ ሹራብ በሁለት ዘንግ ነው። እኔ የምነግራችሁ በአንድ ኪሮሽ የሚሠራውን ነው። ብዙ ቤት ኪሮሽ አለ፤ እጃችንም ለምዶታል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ሰው ሻል ጀምሮ የሚያቆመው እጁ ስላቃተው አይደለም። ስህተቱን ዘግይቶ ስለሚያየው ነው። የመጀመሪያ ሻሌን ለእህቴ ሠርግ ስሠራ 64ኛው ረድፍ ላይ ዘርግቼ አየሁትና አንዱ ጎን ወደ ውስጥ ገብቷል። ቅስቶቹን፣ ማለትም ከሰንሰለት የሚሠሩትን ጎበጥ ያሉ ቀዳዳዎች፣ ቆጠርኩ። 64 መሆን የነበረበት 61 ነው። ወደ ኋላ ሄጄ ስፈልግ የመጀመሪያው ጥፋት 23ኛው ረድፍ ላይ ተገኘ። ወደ 2,000 የሚጠጋ ቅስት ሠርቼ ነበር። ተርትሬ ስጨርስ የቀረኝ 253 ነው። ክሩ ደግሞ ወለሉ ላይ ተተብትቦ እስኪነጋ ስፈታ አደርኩ። እናቴ በበሩ ብቅ ብላ አየችኝና ምንም ሳትናገር ተመልሳ ተኛች።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከአሠራሩ ይልቅ ስለ መቁጠር ብዙ ያወራል። ቅር አይበላችሁ።

መቼ ይጀመር?

የምኖርባት ጅማ ዝናብ አይጠፋትም። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘንባል። ይህ ለሥራው ጥሩ ነው፤ ሰው ቤቱ ይቀመጣል። ለመጨረሻው ማድረቅ ግን መጥፎ ነው። ወፍራም ጥጥ በሐምሌ ሁለት ቀን ሙሉ ሳይደርቅ ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያ ይሸታል። ቡና ያላቸው ቤተሰቦች ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ ለቀማ ላይ ናቸው። በዚያን ጊዜ እጅ ኪሮሽ ሊይዝ አይችልም፤ ቢይዝም ነጭ ክር አይነካም።

እኔ የምመክረው ሰኔ ላይ መጀመር ነው። መስከረም ላይ መጨረስ። ማጠቡንና መወጠሩን ለጥቅምት ደረቅ ቀን ማቆየት። ለጥር ሠርግ በሰላም ይደርሳል። ታኅሣሥ ላይ «ለጥር አደርሳለሁ» ብሎ የሚጀምር ሰው ግን ከወዲሁ ነጠላ ይግዛ።

ክር መግዛት

ሕርማታ ገበያ ውስጥም ሆነ ከተማ ውስጥ ባሉት የክር ሱቆች ብዙ ዓይነት ክር ታያላችሁ። ባለ ሱቁ ሁሉንም «ጥጥ ነው» ይላችኋል። እመኑት፤ ግን ፈትኑት። አንድ ጣት የሚያህል ክር ቆርጣችሁ በወረንጦ ያዙና ውኃ ካለበት ሳህን በላይ ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፤ በጣት ሲነካ የሚበተን ግራጫ አመድ ይተዋል። ሱፍ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ሰው ሠራሹ አክሪሊክ ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝም ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። ሱቁ ውስጥ ግን አታድርጉት። ሁሉንም ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ልቃቂት ገዝታችሁ ቤት ሞክሩ።

ለምን ይጠቅማል? ዳንቴል ውበቱን የሚያገኘው ታጥቦ ሲወጠር ነው። ጥጥና ሱፍ እርጥብ ሆነው ሲወጠሩ ቅርጹን ይይዛሉ። አክሪሊክ በውኃ ብቻ አይታዘዝም፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይኮማተራል። ስንት ወር የለፋችሁበት ሻል እንደ ዓሣ መረብ ተጨብጦ ሲቀር ማየት ያማል።

የዳንቴል ጥጥ ክር በቁጥር ይሸጣል። ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል፤ 20 ከ10 ይቀጥናል ማለት ነው። ለመጀመሪያ ሻል ቁጥር 10 ይበቃል። ባለ 50 ግራሙ ልቃቂት ብዙውን ጊዜ ከ250 እስከ 280 ሜትር ይኖረዋል፤ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ሦስት ልቃቂት ግዙ።

ሦስቱንም በአንድ ቀን ግዙ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ከቀለሙ ቁጥር ጎን ያለውን ሌላ ቁጥር ተመልከቱ። ይህ ክሩ የተነከረበት ዙር ቁጥር ነው። ቀለሙ አንድ ሆኖ የተነከረበት ዙር ከተለያየ ልዩነቱ በልቃቂት አይታይም። ተሠርቶ ሲዘረጋ ነው ቁልጭ ብሎ የሚወጣው። አንዴ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ክሬም ክር አልቆብኝ በሳምንቱ ተመልሼ ስሄድ ባለ ሱቁ «ያው ነው» ብሎ ሰጠኝ። ያው አልነበረም። ያ ሻል ዛሬም ግማሹ ወተት፣ ግማሹ ማኪያቶ ነው።

ስለ ቀለም፦ ጥቁር ለመጀመሪያ ጊዜ አይሆንም። ቀዳዳው አይታይም። መብራት ሲሄድማ ጨርሶ የማይቻል ነው። ነጭ ደግሞ ቡና፣ በርበሬና የእጅ ላብ ይጠራዋል። ክሬም ወይም ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ውሰዱ።

ኪሮሽና ሌላው ዕቃ

ለጠረጴዛ ዳንቴል የምትጠቀሙበት ቀጭን ብረት ኪሮሽ፣ 1.25 ወይም 1.5 ሚሊሜትሩ፣ ለዚህ አይሆንም። በሱ ከሠራችሁ ሻሉ እንደ ሰሌን ይደርቃል። 2.5 ሚሊሜትር ፈልጉ፤ ቁጥሩ እጀታው ላይ ተቀርጿል። ቀጭን ክር ከወፈር ባለ ኪሮሽ ጋር ሲገናኝ ነው ጨርቁ የሚፈስሰው።

ሌላ የሚያስፈልገው፦ መቀስ፣ ጫፉ ደንዘዝ ያለ ወፍራም መርፌ፣ ሜትር፣ አሥር መርፌ ቁልፍ፣ ደብተርና እርሳስ። አንድ ሲኒ ጥሬ ቡናም ያዙ። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

መቀመጫን በተመለከተ፣ የጅማ በርጩማ እወዳለሁ፤ አገር የሚያውቀው ሥራ ነው። ግን መደገፊያ የለውም። ሁለት ሰዓት አጎንብሶ ለሚሠራ ሰው ወገብ ይገላል። መደገፊያ ያለው ወንበር ከመስኮት አጠገብ አድርጉ፤ ብርሃኑ በግራ ትከሻ በኩል ይምጣ። ግራኝ ከሆናችሁ በቀኝ።

ሦስቱ እንቅስቃሴዎች

ሻሉን በሙሉ የምንሠራው በሦስት ነገር ብቻ ነው። ስማቸውን እኔ እንደምጠራው ልጥራቸው፤ እናታችሁ ሌላ ስም ካላት በሷ ሂዱ።

ሰንሰለት፦ ክሩን ኪሮሹ ላይ ጠቅልሎ፣ ባለው ቀለበት ውስጥ ስቦ ማውጣት።

አጭር፦ ኪሮሹን ማስገባት፣ ክር ስቦ ማውጣት። አሁን ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት አለ። ክር ጠቅልሎ በሁለቱም ውስጥ አንዴ መሳብ።

ቋሚ፦ ከማስገባት በፊት ክሩን አንዴ ኪሮሹ ላይ መጠቅለል። ማስገባት፣ ስቦ ማውጣት፤ ሦስት ቀለበት ይሆናል። ጠቅልሎ በሁለቱ ውስጥ መሳብ፤ እንደገና ጠቅልሎ በቀሩት ሁለት ውስጥ መሳብ። ይህ ለጠርዙ ብቻ ነው።

የእጃችሁ ጥብቀት ከቀን ቀን ይለያያል። ስትናደዱ ይጠብቃል። ቀልዴን አይደለም፤ ከቀበሌ ተመልሼ የሠራሁትን ረድፍ ዛሬም ለይቼ አሳያችኋለሁ።

ናሙናውን አትዝለሉ

ሁሉም ይዘለዋል። እኔም ዘልዬዋለሁ። አሠራሩ ከዚህ በታች አለ፤ መጀመሪያ እሱን ተከትላችሁ 12 ረድፍ ብቻ ሥሩ። ትንሽ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። እጠቡት፣ ትራስ ላይ ወጥራችሁ በስፒል ያዙት፣ ይድረቅ። ከዚያ ሰፊውን ጎን ለኩ።

12 ቅስት 18 ሴንቲሜትር ከሆነ አንዱ 1.5 ሴንቲሜትር ነው። 150 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ሻል ከፈለጋችሁ 100 ቅስት፣ ማለትም 100 ረድፍ ያስፈልጋችኋል። የእናንተ 1.3 ከመጣ ረድፉ ይጨምራል። ወደ 2 ሴንቲሜትር ከሄደ ኪሮሹን ቀንሱ።

በዚያው የክሩንም መጠን ታወጣላችሁ። 10 ሜትር ክር ለክታችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ስንት ቅስት እንደሚወጣው ቁጠሩ። የኔ እጅ 100 አካባቢ ያወጣል። የሻሉን ጠቅላላ ቅስት ለማግኘት የረድፉን ቁጥር ከሱ በአንድ በሚበልጠው አባዙና ለሁለት ክፈሉ። 100 ሲባዛ በ101፣ ሲካፈል ለ2፤ 5,050 ቅስት። በኔ እጅ 505 ሜትር ማለት ነው። ለጠርዝና ለመሳሳት ሲጨመርበት 700 ሜትር አካባቢ። ሦስት ልቃቂት ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

አሠራሩ

ሻሉ ከታች ሹል ጫፉ ይጀምርና ወደ ላይ እየሰፋ ይሄዳል። ይህን የመረጥኩበት ምክንያት አለ። ክር ካነሰ በየትኛውም ረድፍ ላይ ማቆም ይቻላል።

1ኛ ረድፍ፦ 5 ሰንሰለት ሥሩ። መጀመሪያዋ ሰንሰለት ላይ አጭር ሠርታችሁ ዝጉት። አንድ ቅስት አገኛችሁ።

2ኛ ረድፍ፦ 5 ሰንሰለት። ሥራውን አዙሩ። ቅስቱ ውስጥ አጭር። 5 ሰንሰለት። እዚያው ቅስት ውስጥ እንደገና አጭር። አሁን ሁለት ቅስት ነው።

3ኛ ረድፍ፦ 5 ሰንሰለት፣ አዙሩ፣ የመጀመሪያው ቅስት ውስጥ አጭር። 5 ሰንሰለት፣ ቀጣዩ ቅስት ውስጥ አጭር። 5 ሰንሰለት፣ እዚያው የመጨረሻው ቅስት ውስጥ አንድ ጊዜ ደግማችሁ አጭር። ሦስት ቅስት።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ረድፍ ይኸው ነው። በ5 ሰንሰለት ጀምሩ፣ አዙሩ፣ እያንዳንዱ ቅስት ውስጥ አንድ አጭር እያስገባችሁ በመሀላቸው 5 ሰንሰለት እየሠራችሁ ሂዱ፤ የመጨረሻው ቅስት ውስጥ ሁለቴ። በቃ።

አጭሩን ስትሠሩ ኪሮሹን ከቅስቱ ሥር ባለው ቀዳዳ አስገቡ፤ ሰንሰለቱን አትውጉት። ከወጋችሁት ክሩ ይሰነጠቃል፤ ቅስቱም ወደ አንድ ጎን ያጋድላል።

ሲጀመር አያምርም። የመጀመሪያው አሥር ረድፍ እንደ ተጨማደደ ማጣሪያ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ያልተወጠረ ዳንቴል ሁሉ መልኩ ያ ነው። ናሙናውን የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ የዘለላችሁ ግን ትደነግጣላችሁ።

አዲስ ልቃቂት ስትጀምሩ ረድፍ መሀል ላይ አትቋጥሩ። ቋጠሮ ቀዳዳ መሀል ላይ እንደ ዝንብ ይታያል። ረድፉ ጫፍ ላይ ቀይሩ። ከሁለቱም ክር አንድ ስንዝር ተርፎ ይንጠልጠል፤ በኋላ በመርፌ ጠርዙ ውስጥ እናስገባዋለን።

መቁጠር

የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፦ የረድፉ ቁጥርና የቅስቱ ቁጥር ሁልጊዜ እኩል ናቸው። 37ኛው ረድፍ 37 ቅስት አለው። 36 ካለው የሆነ ቦታ ዘልላችኋል። 38 ካለው አንዱ ውስጥ ሁለቴ ገብታችኋል። ሒሳብ አያስፈልግም፤ መቁጠር ብቻ።

ችግሩ ሰው አይቆጥርም። እስከ 20ኛው ረድፍ ይቆጥራል፤ ከዚያ እጁ ያምነዋል። እኔ 23ኛው ላይ የሳትኩት ለዚህ ነው።

ጥሬ ቡናው እዚህ ይመጣል። ሁለት ሲኒ አስቀምጡ፤ አንዱ ቡና ያለበት፣ ሌላው ባዶ። አሥር ቅስት በሠራችሁ ቁጥር አንድ ፍሬ ከአንዱ ወደ ሌላው አሳልፉ። ረድፉ ሲያልቅ ባዶ የነበረው ሲኒ ውስጥ ያለውን ፍሬ ቁጠሩ። 7 ፍሬና ትርፍ 4 ቅስት ካለ 74 ነው። ደብተሩ ላይ 74 ብላችሁ ጻፉና ፍሬውን መልሱት። ልጅ ካለ ፍሬውን ማሳለፍ የሱ ሥራ ይሁን፤ የእህቴ ልጅ ለዚህ ሥራ ደመወዝ በከረሜላ ይቀበላል።

በየአሥር ረድፉ ጫፉ ላይ መርፌ ቁልፍ አድርጉ። የመጀመሪያው ቁልፍ 10ኛው ረድፍ፣ ሁለተኛው 20ኛው፣ እንዲህ እያለ። ቁልፉን ከማድረጋችሁ በፊት ያን ረድፍ እንደገና አንድ በአንድ፣ በጣት እየነካችሁ ቁጠሩት። ትክክል ከሆነ ቁልፉ ይገባል። ካልሆነ አይገባም። ጥፋት ቢገኝ የምትተረትሩት ቢበዛ አሥር ረድፍ ነው፤ እንደኔ አርባ ምናምን አይደለም።

በሁለት ዘንግ የምትሠሩ ሰዎች ለእናንተ ነገሩ ይብሳል። በኪሮሽ ሥራ ክፍት ሆኖ የሚቀረው አንድ ቀለበት ብቻ ነው፤ ቢያመልጥ መልሶ መያዝ ይቻላል። በዘንግ ግን መቶ ቀለበት ክፍት ነው። አንዱ ሾልኮ ከወደቀ እስከ ታች ይተረተራል። መላው እንዲህ ነው፦ በየአሥር ረድፉ ለስላሳ ሌላ ቀለም ክር በመርፌ ይዛችሁ በሁሉም ቀለበት ውስጥ አሳልፉና እዚያው ተዉት። የታች ረድፍ ይዞ ያቆያል። ሥራው ሲያልቅ ክሩ ተስቦ ይወጣል።

ቡና ላይ መሥራት ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ ረድፍ መሀል ላይ ካላቆማችሁ። እኔ ሕግ አለኝ፤ አቦል ሲቀዳ ረድፉ ካላለቀ ቡናዬ ይቀዘቅዛል እንጂ ኪሮሹ አይወርድም። ወሬው የደራ ቀን ግን አልሠራም። የሰው ትዳር እያወሩ ቅስት መቁጠር አልተሳካልኝም።

መሀሉ

አሁን ስለማይነገረው ነገር። 50ኛው ረድፍ ላይ ስትደርሱ «ግማሽ ደርሻለሁ» ትላላችሁ። አልደረሳችሁም። 50 ረድፍ 1,275 ቅስት ነው፤ የጠቅላላው ሩብ። እውነተኛው ግማሽ 71ኛው ረድፍ ላይ ነው። የመጨረሻዎቹ 29 ረድፎች ከመጀመሪያዎቹ 71 ጋር እኩል ጊዜ ይበላሉ። እኩል ክርም ይበላሉ፤ 50ኛው ላይ «ክሩ ይተርፋል» ብላችሁ አንዱን ልቃቂት ለሰው እንዳትሰጡ።

መጀመሪያ ላይ ረድፍ በደቂቃ ያልቃል። ወደ መጨረሻው አንዱ ረድፍ ብቻውን ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። በቀን አምስት ረድፍ የለመደ ሰው አንድ ሲሆንበት እጁ የደከመ ይመስለዋል። እጁ ደህና ነው፤ ሻሉ ነው የሰፋው። ከ60 በኋላ ዕለታዊ ዕቅዳችሁን በረድፍ ሳይሆን በሰዓት አድርጉ። እኔ ማታ አንድ ሰዓት፣ መብራት ካለ።

ጎረቤት «ገና አልጨረስሽም?» ይላል። ይበል።

የሚታለፍና የማይታለፍ ስህተት

ሁሉም ስህተት አይተረተርም። ይህን ለማወቅ ሁለት ሻል ፈጅቶብኛል።

ቅስቱ በ5 ፈንታ 4 ወይም 6 ሰንሰለት ከሆነ ተዉት። ሲወጠር ይጠፋል። አንድ አጭር ትንሽ ላላ ካለ ተዉት። ቅስት ከተዘለለና እዚያው ረድፍ ላይ ካያችሁት ግን ፍቱት፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከሦስት አራት ረድፍ በኋላ አንድ ቅስት ጎድሎ ካገኛችሁትና ጥፋቱ ጠርዙ አጠገብ ካልሆነ፣ አሁን ባላችሁበት ረድፍ አንዱ ቅስት ውስጥ ሁለት አጭር ከ5 ሰንሰለት ጋር ጨምሩና ቁጥሩን አስተካክሉ። ከእናንተ በቀር ማንም አያየውም።

የማይታለፈው ጠርዝ ላይ ያለ ጥፋት ነው። የመጨረሻው ቅስት ውስጥ ሁለቴ መግባት ከተረሳ ያ ጎን ይጎብጣል፤ ተደጋግሞ ከተረሳ መወጠርም አያድነውም። ያኔ ተርትሩ። ስትተረትሩ ክሩን ወለል ላይ አታፍስሱት። እየፈታችሁ ወዲያው በልቃቂት ጠቅልሉት፤ ወይ ሌላ ሰው ይጠቅልልላችሁ። በንዴት አትሳቡ። ሌሊትም አትተርትሩ፤ ይህን ከልምድ ነው የምናገረው።

ጠርዙ

ዳንቴል የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ ነው፤ ትንሽ ጥርስ እንደማለት። ኪሮሽም እንዲሁ ከፈረንሳይኛ ነው፤ ትንሽ መንጠቆ እንደማለት። ጥርሱን አሁን እናበቅላለን።

የመጨረሻው ረድፍ ሲያልቅ ክሩን አትቁረጡ። ወደ ተዳፋቱ ጎን ዙሩ። በየረድፉ ጫፍ ክፍተት አለ። አንዱ ክፍተት ላይ አጭር፣ ቀጣዩ ላይ 5 ቋሚ፣ ቀጣዩ ላይ አጭር፣ ቀጣዩ ላይ 5 ቋሚ። አምስቱ ቋሚ ተዘርግተው እንደ ማራገቢያ ይሆናሉ። ታች ሹሉ ጫፍ ላይ 9 ቋሚ አድርጉ፤ ካልሆነ ጫፉ ይሸበሸባል። ከዚያ በሌላው ጎን ወደ ላይ ውጡ።

አሥር ማራገቢያ ከሠራችሁ በኋላ ሻሉን ጠረጴዛ ላይ አንጥፉ። ጠርዙ እንደ ሰላጣ ቅጠል ከተጠቀለለ ወደ 4 ቋሚ ውረዱ። ጨርቁን ከሳበው ወደ 6 ውጡ። አንገት የሚነካውን ላይኛውን ጎን በአጭር ብቻ ዝጉት። ማራገቢያ አንገት ላይ ይኮሰኩሳል።

ክሩን ቁረጡ፣ በመጨረሻው ቀለበት ውስጥ ሳቡት። የተንጠለጠሉትን ክሮች በመርፌ የማራገቢያዎቹ ሥር አስገቡ፤ ሄዳችሁ ተመለሱ፣ አንዴ ብቻ ሳይሆን።

ማጠብና መወጠር

መጀመሪያ ቀለም ይለቅ እንደሆን እዩ። እርጥብ ነጭ ጨርቅ አንድ ጥግ ላይ ፈተግ አድርጉ። ጨርቁ ቀለም ከያዘ በቀዝቃዛ ውኃ ለብቻው እጠቡት።

ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ትንሽ ለስላሳ ሳሙና አሟሙ። ሻሉን ለ20 ደቂቃ ንከሩት። አትሹት። ስታወጡት በአንድ ጫፍ ይዛችሁ አታንሱት፤ ውኃው ከብዶት ይለጠጣል። በሁለት እጅ ሥሩን ይዛችሁ እንደ ሊጥ አውጡት። ንጹሕ ውኃ ለቅለቅ አድርጉት። ከዚያ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ከፎጣው ጋር ጠቅልሉና ተጫኑት። በእግር መርገጥም ይቻላል። መጠምዘዝ አይቻልም።

የመወጠሪያ ሰሌዳ አያስፈልግም። ስፖንጅ ፍራሽ በንጹሕ አንሶላ ተሸፍኖ ይበቃል። ላይኛውን ረጅም ጎን በሲባጎ ቀጥ አድርጋችሁ በስፒል ያዙት። ከዚያ የታችኛውን ሹል ጫፍ ወደ ታች ሳቡና ያዙ። ቀጥሎ እያንዳንዱን ማራገቢያ ጫፉ ላይ አንድ በአንድ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ መቶ ስፒል ይፈልጋል። ግን ያ ተጨማዶ የነበረ ጨርቅ ዓይናችሁ እያየ ሲከፈት፣ ቀዳዳው አንድ በአንድ ሲፈታ፣ እኔ ሁልጊዜ ሰው እጠራለሁ። «ኑ እዩ» እላለሁ። ጎረቤቴ ያን ቀን ስለ ሶፋ አላወራችም። «የኔስ?» ነው ያለችው።

ስፒሉ የማይዝግ ይሁን። የዛገ ስፒል እርጥብ ጥጥ ላይ ቡናማ ነጥብ ይተዋል፤ አይለቅም። ፀሐይ ላይ በቀጥታ አታድርቁ፤ ቀለሙን ይመልጠዋል። ነፋስ የሚያገኝ ጥላ ይሻላል። እጣን ከሚጨስበት ክፍል ራቁ። እስኪደርቅ ድረስ ስፒል አትንቀሉ፤ «ደርቋል መሰለኝ» ስትሉ ግማሽ ቀን ጨምሩ።

ስለ ዋጋ

እንድትሸጡት የሚጠይቅ ሰው ይመጣል። የፋብሪካ ሻል ዋጋ ይጠራላችኋል። አትጣሉት፤ ኪሮሹን አቀብሉትና አንድ ረድፍ ይሞክር። ባትሸጡት ይሻላል የምል ሰው ነኝ፤ ለሰው ስጡት፣ ወይ ልበሱት።

ማስቀመጥ

በመስቀያ አትስቀሉት፤ ትከሻው ይለጠጣል። በነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ። ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አትክተቱት፤ በኛ እርጥበት ይሻግታል። ሱፍ ከሆነ ብል ይፈልገዋል፤ በየወሩ አውጥታችሁ አራግፉት። ቅመምም ሆነ ሌላ የሚሸት ነገር አጠገቡ አታድርጉ፤ ጥጥ ሽታ ይይዛል።

በመጨረሻ ከተረፈው ክር አምስት ሜትር ቆርጣችሁ በፖስታ ውስጥ ከሻሉ ጋር አስቀምጡ፤ የገዛችሁትን የክር ወረቀትም ጭምር። የእህቴ ሻል ባለፈው ጥር ወንበር ላይ ባለ ሚስማር ተይዞ ሦስት ቅስት ተበጠሰ። አልቅሳ ይዛልኝ መጣች። ያን ክር አውጥቼ በአንድ ማታ መለስኩት። የት ጋ እንደጠገንኩት እስካሁን አላገኘችውም፤ እኔም አልነግራትም።